ለዜሮ ደቂቃ ዝግ ነው

የካቲት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ለመጪው ትውልድ ይተላለፍ ዘንድ በጥልቅ ኀዘን እመዘግባለሁ፦ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ የመሬት ጽሕፈት ቤታችን ብቸኛ የወረቀት መብሻ ጠፋ።

ኃላፊያችን አቶ አፈወርቅ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ሃያ አንድ ሠራተኛ ሥራ አቁሞ ተቀመጠ፤ ባለጉዳይ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሞቀ። "ይህ የመብሻ ጉዳይ አይደለም፤ የአመለካከት ጉዳይ ነው" አሉ። ጸሐፊያችን ወሰኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አመለካከቱን እሳቸው ይያዙት፤ እኔ የምፈልገው መብሻውን ነው" አለች። ከአንድ ሰዓት ግምገማ በኋላ መብሻው ከራሳቸው ከኃላፊው መሳቢያ ወጣ። ቃለ ጉባኤው ግን "ባልታወቁ ግለሰቦች ተወስዶ የነበረው ንብረት በተደረገው ርብርብ ተገኝቷል" ይላል።

ባልታወቁ ግለሰቦች! ምን ያለ ምቹ አባባል ነው! እንደ በርኖስ ነው፤ ማንም ቢደርበው ልኩ ነው።

በመጨረሻ፣ ሰው ሊነሳ ወንበር ሲያንቋቋ፣ በ"ልዩ ልዩ" ሥር አንዲት ደብዳቤ ተነበበች። የወረዳው የመሬት መዝገብ ያለበት ዳታቤዝ እስከ መጋቢት አጋማሽ ወደ አዲሱ ስሪት ይሻሻል፤ አገልግሎትም ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይቋረጥ። ለመብሻው አንድ ሰዓት፣ ለሕዝቡ ርስት አንድ ደቂቃ ተኩል ሰጠን። ፈጻሚ፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ አቶ ትዕዛዙ። እኔ ነኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰርቨር አለን፤ ታላቁና ታናሹ እላቸዋለሁ። በታላቁ ላይ የተጻፈ ሁሉ ወዲያው በታናሹም ላይ ይጻፋል። ታላቁ ቢታመም ታናሹ ተነስቶ ይመልሳል፤ ባለጉዳይ አያውቀውም። ቄሱ ቢደክሙ ሌላው ይቀበላቸዋል እንጂ ቅዳሴው አይቆምም። ማሻሻሉም በዚሁ ወግ ነው፦ አስቀድመህ ታናሹን ታሻሽላለህ፣ ሥራውን ወደ እሱ ታዞራለህ፣ ከዚያ ታላቁን ታሻሽላለህ። አሥር ደቂቃ ይተርፋል።

ይህ እንግዲህ ሁለቱም በሕይወት ካሉ ነው።

ታናሹ ከኅዳር 7 ጀምሮ ጠፍቷል። መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ በዚያ ቀን ባልታወቁ ግለሰቦች ተወሰደ፤ የታላቁ ብቻ ቀረ። እዚህ ከተማ መብራት በቀን አራቴ ይሄዳል፤ ያለ ባትሪ ሰርቨር ማብራት በሬን በበረዶ ውስጥ እንደማሳደር ነው። ስለዚህ ለጊዜው አጠፋሁት። "ለጊዜው" ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

የሚያናድደኝ ምኑ ነው? አሥራ ስምንት ኪሎ የሚመዝን፣ ጠርዙ ትከሻ የሚልጥ ብረት በጠራራ ፀሐይ ከመንግሥት ቢሮ ሲወጣ ዘበኛው "ወዴት ነው?" አይልም! እንዲያውም በሩን ከፈተ። እንዲህ ባለ አገር ምን ይጠበቃል?

አርብ አርብ የምሞላው ቅጽ አለ። "ሰርቨር አንድ፦ ደህና። ሰርቨር ሁለት፦ ደህና።" ፊርማ። ቅጹ "ደህና አይደለም" የሚል ሳጥን የለውም። ያዘጋጀሁት እኔ አይደለሁም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

አቶ አፈወርቅ ጎረቤት ወረዳ ደውለው ኖሮ ፊታቸው ቀልቷል። እነዚያ "በአምስት ደቂቃ ጨረስን" ብለው ሪፖርት ልከዋል።

"እኛስ?" አሉኝ።

"እኛ ገና አልጀመርንም፣ አቶ አፈወርቅ።"

"ሳንጀምር ከተቀደምን ስንጀምር ምን ልንሆን ነው? ዜሮ ደቂቃ ብዬ ለዞን ነግሬያለሁ።"

ዜሮ! የተሠራ ነገር ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ እግዚአብሔር እንኳ ስድስት ቀን ወስዷል፣ በሰባተኛውም ዝግ ነበር።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

የገበያ ቀን። ሁዳዴ ገብቷል፤ የሰው ሁሉ ፊት ሹሮ መስሏል።

ወዳጆ መጣ። በየገበያው ቀን ይመጣል፤ በየገበያው ቀን ያንኑ ይጠይቃል። የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሙ ሲሞት ተዝካሩ ሳይወጣ የሟቹን መሬት በራሱ ስም አስመዘገበ። ሚስትየዋ ወይዘሮ ጌታነሽ አንድ ዓመት ተኩል ፍርድ ቤት ተመላልሰው ታኅሣሥ ላይ ረቱ። ጥር 6 ቀን ስማቸውን እኔው በዚህ ጣቴ ታላቁ ላይ ጻፍኩ። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ግን አልተሰጣቸውም፤ ባዶ ደብተር ከመጋዘን አልቋል። ስለዚህ የጌታነሽ ስም በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ በታላቁ ሆድ።

በታናሹ ሆድ ያለው የኅዳር 7 ነው። እዚያ፦ ወዳጆ።

"እስቲ እዪልኝ" አላት ወሰኔን በመስኮቱ። "ማሽንም እኮ ልብ ይገዛል።"

"አቶ ወዳጆ፣ እርስዎ ለዚህ ማሽን የንስሐ አባት ሆኑለት እኮ! በየሳምንቱ ያናዝዙታል።"

"የበልግ ዝናብ ጥሏል። በሬዎቼ ቆመዋል።"

"በሬዎቹን ሌላ ቦታ ያቁሟቸዋ!"

እሱ ሲወጣ ወይዘሮ ጌታነሽ ገቡ። ሁልጊዜ እግር በእግር ነው።

"ስሜ አለ?"

"አለ፣ እትዬ ጌታነሽ።"

"አሳየኝ።"

አያነቡም። ጣታቸውን ይዤ ማያው ላይ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ አሳረፍኩት። ትንሽ አዩትና፣ "ፊደሉን አላውቀውም፤ መልኩን ግን ለይቼዋለሁ" አሉ። "ይቺ መጀመሪያዋ እንደ ሞፈር ጎበጥ ያለችው።"

ሲወጡ ምሳዬ አልበላ አለኝ። የጾም ምግብ ስለሆነ ይሆናል።

የካቲት 21፣ አርብ

ሰርቨር አንድ፦ ደህና። ሰርቨር ሁለት፦ ደህና። ፈረምኩ። ቸኩዬ ነበር።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ከሰዓት ባድሩ ሻይ ቤት ኳስ አየሁ። ባድሩ ከቆላው ጨርቅ እያመጣ የሚነግድ፣ ቴሌቪዥኑንም ለከተማው የወቀፈ፣ ለሁሉም ክፍት ያደረገ ሰው ነው። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ ከተማው በሙሉ "እህ!" አለ። የባድሩ ቴሌቪዥን ግን አልጠፋም። ሰው አጨበጨበ። ከኅዳር ወዲህ ባድሩ የፊት ወንበር ይይዝልኛል፤ የማንንም ፊት አያይም። ደግ ሰው ነው።

በእረፍት ሰዓት ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጫጫታ ስለነበር አልመለስኩለትም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ነገ ሙከራ አለ ተባልኩ። ከዞን ሁለት እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ።

"አቶ አፈወርቅ፣ ታናሹ... ሁለተኛው ሰርቨር ትንሽ ደክሟል።"

ፋይል ከፈቱ። "ቅጹ ደህና ነው ይላል። ፊርማው የማን ነው?"

"የእኔ።"

"እንግዲያው ደህና ነው።"

ሰው በገዛ ፊርማው ሲታነቅ ገመዱን የሚያቀብል እንዲህ ያለ ኃላፊ አይቼ አላውቅም! ለምን አልመረመሩም? ለምን ክፍሉ ገብተው አላዩም? አንድ ጊዜ ቢገቡ የታናሹ ራስ ላይ የወሰኔ ጃንጥላ ተሰቅሎ ባገኙት ነበር።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ታናሹን በቀጥታ ከግድግዳው ሰካሁት። ነቃ። እንግዶቹ ቆመው አዩ፤ ሥራውን ወደ እሱ አዞርኩ። ስድስት ደቂቃ ቆየ፤ መለስኩት። መብራት አልሄደም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የማልፈልገው ውለታ ዋለልኝ። ተጨበጨበ። "ያለ ምንም መቆራረጥ!" አሉ አቶ አፈወርቅ፣ የራሳቸውን እጅ እየጨበጡ ማለት ይቻላል።

በሰባት ሰዓት ወሰኔ መጣች። ፊቷ አመድ ነው።

"ትዕዛዙ፣ ጠዋት እናንተ ስታጨበጭቡ ወዳጆ መጥቶ ነበር።"

"እና?"

"'እስቲ እዪልኝ' አለ። አየሁ። ስሙ ነበር! በዓይኔ አየሁት። ማስረጃ አትሚልኝ አለ፣ አተምኩ። ማኅተም አድርጌ ሰጠሁት። አሁን ብከፍተው ጌታነሽ ይላል።"

በዚያች ስድስት ደቂቃ ውስጥ። ቀኑ ሙሉ እያለ በዚያች ስድስት ደቂቃ!

ይህን ሁሉ ያመጣው የኃላፊው ዜሮ ነው። የዞኑ ደብዳቤ ነው። ዘበኛው ነው።

የካቲት 28፣ አርብ

ጌታነሽ መጡ፤ ብቻቸውን አይደለም። ጋሽ ተክለጻድቅ አብረዋቸው አሉ፤ የጓሳ ጠባቂዎች አለቃ፣ የጋራ የሳር ተራራችን ላይ ማን መቼ እንደሚያጭድ የሚያውጁት ሽማግሌ። ወዳጆ ትናንት ወረቀቱን በዘንግ ጫፍ አስሮ፣ እንደ ባንዲራ አውለብልቦ፣ የጌታነሽን መሬት ማረስ ጀመረ።

ጌታነሽ አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ፊት ነበራቸው።

"ወረቀቱን ቀምቼ አየሁት" አሉ። "ሦስተኛው መስመር ላይ የእኔ መልክ የለም። ትዕዛዙ፣ ይቺ ማሽናችሁ ሁለት ምላስ አላት እንዴ?"

"የቴክኒክ ችግር ነው፣ እትዬ።"

"እሱ ማነው? ይጠራና ልጠይቀው።"

ወደ አቶ አፈወርቅ ገባን። "በማኅተም የወጣ ወረቀት ስህተት ነበር ካልን ለመሥሪያ ቤቱ ገጽታ ጥሩ አይደለም" አሉ። "እሷ ደግሞ እንደገና ታመልክት።"

እንደገና ታመልክት! አንድ ዓመት ተኩል በእግራቸው የሄዱትን ሴት! ጠረጴዛውን ልገለብጠው ነበር። አልገለበጥኩትም። ጋሽ ተክለጻድቅ ነበሩ ቀዝቀዝ ብለው፣ "የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ 'የቴክኒክ ችግር' በሚል ቃል ማኅተም አይሽርም ብሏል። ለምን እንደተሳሳተ፣ ማን እንዳሳሳተው ይጻፍ። ያኔ እርሻውን እናስቆማለን" ያሉት።

"ማን" የምትለዋ ላይ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ ወይም መሰለኝ።

ቅጹን ዛሬ አልሞላሁም። ራሴን አሞኝ ነው።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ጋሽ ተክለጻድቅ ተመልሰው መጡ። ሐሙስ መጋቢት 11 ጓሳ ለክዳን ሳር እንደሚከፈት የሚያሳውቅ ደብዳቤ ለማስመታት ነው አሉ። ወሰኔ ስትጽፍ እሳቸው እኔ ክፍል ገብተው ተቀመጡ፤ ታናሹን አዩት፣ ጃንጥላውንም አዩት።

"በትክክል ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል? ለአለቃህ የምትለውን ሳይሆን።"

"አንድ ሙሉ ቀን፣ ጋሼ። ታላቁ ላይ ያለው ሁሉ ታናሹ ላይ እንደ አዲስ መገልበጥ አለበት። እስኪያልቅ ምንም አይጻፍም።"

"ዝጉታ!"

"ዝግ ማለት የመልካም አስተዳደር ችግር ነው ይላሉ።"

ሳቁ። "ጓሳን ሦስት ዓመት ዘግተናት ማን ጮኸ? ሰው የሚጮኸው ክፍት ነው ተብሎ ሲገባ ሳር ሲያጣ ነው። ያልተዘጋ ጓሳ ቤት አይከድንም፣ ልጄ። ሐሙስ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ሽቅብ ነው፤ አንድ ሰው ቢሮህን አያንኳኳም። ያን ቀን ዝጋ።"

ከዚያ ወደ ባዶው ቦታ በዘንጋቸው አመለከቱ። "እዚህ የነበረው ባትሪ ወዴት ሄደ?"

"ባልታወቁ ግለሰቦች ተወስዷል።"

"እህ። በእኛ ዘንድ በዝግ ጓሳ ሰርቆ ያጨደ ካልታወቀ አገሩ በሙሉ ይማማላል፤ ሽማግሌ ከልጅ ሳይለይ። ከታወቀ ግን ሸክሙን ራሱ አምጥቶ ሸንጎ ፊት ያወርዳል፣ በቃ። ሁለተኛው ይቀላል። ለወገብ ይከብዳል እንጂ።"

ደብዳቤያቸውን ይዘው ሄዱ። በሩን እንኳ አልዘጉትም።

መጋቢት 5፣ አርብ

የአቦ ዕለት። ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተክለጻድቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አወጁ፦ ጓሳ ሐሙስ ይከፈታል፤ የመሬት ቢሮው ሐሙስ ይዘጋል። ሕዝቡ "እሺ" አለ። በቃ፣ እሺ! እኛ አንድ ወር በስብሰባ የፈራነውን ሕዝብ!

አቶ አፈወርቅ አበዱ። "ማን ፈቀደ? ዜሮ ደቂቃ ብያለሁ!" ይቅር ማለት ግን በቤተ ክርስቲያን የወጣ አዋጅ መሻር ሆነባቸው። ስለዚህ ታሪካዊ መፍትሔ አመነጩ። ማስታወቂያው በራሳቸው እጅ ተጽፎ ተለጠፈ፦

*ክቡራን ደንበኞቻችን፣ መጋቢት 11 ቀን ጽሕፈት ቤታችን ለዜሮ ደቂቃ ዝግ ነው።*

ወሰኔን፣ "ሰው ሲያነበው ይገባዋል ብለሽ ነው?" ስላት፣ "ለመግባባት አይደለም የተለጠፈው" አለችኝ።

ቅጹ ዛሬም አልተሞላም። አሁንማ አሞኝ አይደለም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

12፡30። መንገዱ በሰው ሞልቷል። ማጭድ፣ ጠፍር፣ አህያ፣ ዘፈን። ሁሉም ሽቅብ። እኔ ቁልቁል፣ ወደ ባድሩ ሰፈር።

1፡10። ዩፒኤሱ ቦታው ላይ። ላብ። ትከሻ። ሰው ሁሉ አየኝ። በኋላ እጽፈዋለሁ።

1፡30። ቆለፍኩ። መገልበጥ ጀመረ።

4፡00። ሩቡ አልፏል። ጃንጥላውን ለባለቤቷ መለስኩ።

6፡05። መብራት ሄደ! ታናሹ አልሄደም። ባትሪው ጮኸ፣ ይዞ ቆመ። እኔም አብሬው ቆሜ ነበር፤ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

6፡43። መጣ። አምስት ደቂቃ የቀረው ነበር ባትሪው።

10፡15። ተገልብጦ አለቀ። ታናሹን አሻሻልኩ። ወደ እሱ አዞርኩ። ታላቁን አሻሻልኩ።

12፡50። በታላቁ 4,318 ይዞታ። በታናሹ 4,318። ሦስተኛውን መስመር በሁለቱም ላይ በጣቴ ነካሁት። ያቺ እንደ ሞፈር ጎበጥ ያለችው ፊደል።

አቶ አፈወርቅ ከተራራው ሳር ተሸክመው ሲመለሱ (ለካ እሳቸውም ቤታቸው ያፈሳል!) ሪፖርቱን በሩ ላይ እንደቆሙ ጻፉት፦ "አገልግሎት የተቋረጠበት ጊዜ፦ ዜሮ ደቂቃ። ማብራሪያ፦ ያልመጣ ባለጉዳይ አልተስተጓጎለም።"

መጋቢት 12፣ አርብ

ጌታነሽ በጠዋት መጡ። ወዳጆ ግማሹን አርሷል፤ ነገ ዘር ይዘራል። ገብሱ ከተዘራ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሰው ማሳ ላይ የበቀለ የሌላ ሰው ገብስ ለአሥር ዓመት ክርክር ይበቃል።

አቶ አፈወርቅ ያዘጋጁት ደብዳቤ "በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር" ይላል። አልፈረምኩም። ቁጭ ብዬ ሌላ ጻፍኩ፤ ለወሰኔ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ይህን ልምታው?"

"ምቺው።"

"ሰኞ እኮ ግምገማ አለ። ይበሉሃል።"

"ጾም ነው፣ አይበሉኝም።"

"እንግዲህ ግለሰቡ ታወቀ" አለች እየጻፈች። "እኔማ ከኅዳር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤቴ ከቢሮው ፊት ለፊት አይደል? 'ሰውዬው ሸክም ከብዶታል፣ በሩን ክፈትለት' ብዬ ዘበኛውን የጮህኩበት እኔ ነኝ።"

ጌታነሽ አግዳሚው ላይ እየጠበቁ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። "ሦስተኛው መስመር ላይ አድርገኝ። ኮሚቴው ሲያነብ መልኬን እንዳየው።"

አደረግኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው፣ በጣታቸው ፈልገው፣ አገኙት። እጥፍ አድርገው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ወደ ቀበሌ ወጡ። ግልባጩን እዚህ እለጥፋለሁ።

ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ እርማት ስለመስጠት
ወይዘሮ ጌታነሽ በክርክር ላይ ያለው መሬት ሕጋዊ ባለይዞታ ናቸው።

የካቲት 26 ቀን 2006 ዓ.ም. ለአቶ ወዳጆ በማኅተም የተሰጠው ማስረጃ ስህተት ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ስህተቱ የመጣው ከኅዳር 7 ጀምሮ ጠፍቶ ከነበረ ሰርቨር ነው። ይኸው ሰርቨር በአሥራ አምስት ሳምንታዊ ቅጾች ላይ "ደህና" ተብሎ ተመዝግቧል፤ አሥራ አምስቱም ፊርማዎች የእኔ ናቸው። መጋቢት 11 ቀን አገልግሎት የተቋረጠው ለዜሮ ደቂቃ ነው መባሉም ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይታረም።

እንዲሁም የሰርቨሩ ባትሪ "ባልታወቁ ግለሰቦች" ተወስዷል ሲባል የቆየው በሚከተለው ይተካ፦ ግለሰቡ አንድ ነው፤ ይታወቃል። ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብሔራዊ ቡድናችን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውን ካላባር ላይ ሲጫወት በሻይ ቤቱ መብራት እንዳይጠፋ፣ አሥራ ስምንቱን ኪሎ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያወጣው የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ነው። ጨዋታውን ሁለት ለዜሮ ተሸንፈናል። በዚህ ጉዳይ ውስጥ በትክክል ዜሮ የነበረው የእኛ ጎል ብቻ መሆኑ ታውቆ በዚሁ እንዲታረም አሳስባለሁ።

ትዕዛዙ (ፊርማ)